በሰመር በረዶው ሲነሳ ልጄን በሮለር ላሰልጥናት ወይ? ከጥያቄው እስከ 31ኛው መልስ

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክሩ እየረዘመ፣ መሃሉ ላይም ስለ ሌላ ስለ ሌላው እየተወራ ስለሄደ፣ አዲስ የሚመጣ ወላጅ ሁሉንም ገልጦ ለማንበብ እንዳይቸገር ብዬ የተባለውን በራሴ ቃል ከላይ እስከ ታች አስቀምጬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው እንዲህ ነበር። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። የአሥር ዓመት ልጄ ፊገር ስኬቲንግ፣ ማለት በረዶ ላይ በምላጭ ጫማ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበትንና የሚሽከረከሩበትን ስፖርት፣ ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። የምትሰለጥንበት አዳራሽ ከጁን አጋማሽ ጀምሮ ለሰባት ሳምንት በረዶውን አንስቶ ወለሉንና ማቀዝቀዣውን እንደሚያድስ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሌላው አዳራሽ በመኪና ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ እኔ ደግሞ የማታ ሥራ ላይ ነኝ። ልጄ በዚያ ሰሞን አክስል ጀምራ ነበር። ወደ ፊት እየሄዱ ተነስተው፣ አየር ላይ አንድ ዙር ተኩል ዞረው፣ ፊትን ወደ ኋላ አዙረው የሚያርፉበት ዝላይ ነው። ለሦስት ወር በወደቀች ቁጥር ተነስታ እየሞከረች፣ ገና ሊያዝላት ሲል ነው በረዶው የሚነሳው። ማታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሁሉም ነገር ይጠፋብኛል ብላ ስታለቅስ አገኘኋት።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። አንደኛ፣ ሮለር ለበረዶ ልምምድ ይጠቅማል ወይስ የተማረችውን ያበላሽባታል? ሁለተኛ፣ ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩበትን ልግዛ ወይስ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ የሆነውን ባለ አራት ጎማ? ከጥያቄው ጋር አንድ ነገር ደግሞ በድፍረት ጨመርኩ፤ ሁለቱም መንሸራተት ስለሆኑ ልዩነታቸው የወለሉ ብቻ ነው ብዬ። ክሩን ያስረዘመችው ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

1ኛው መልስ ሚኒሶታ ከሚኖር አባት የመጣ ነው። ትሁት ሰው ነው። ለልጄ መልካሙን ሁሉ ተመኝቶ፣ የሱ ልጅ ሆኪ ተጫዋች ስለሆነ ሰመሩን ሙሉ ሠፈር ውስጥ በባለ መስመር ጎማ ጫማ እንደሚሯሯጥ፣ በረዶ ሲመለስም እግሩ ከጓደኞቹ ቀድሞ እንደሚፍታታ ነገረኝ። ያንኑ ዓይነት ጫማ እንድገዛም መከረኝ።

ልገዛ ስል ያስቆመኝ 2ኛው መልስ ነው። ጸሐፊዋ የቀድሞ ስኬተር ናት። የመጀመሪያውን ሰው በአክብሮት አርማ፣ በተለመደው የሆኪ ጫማ ላይ ጎማዎቹ ሁሉ እኩል መሬት እንደሚነኩ አስረዳች። የፊገር ስኬቲንግ ምላጭ ግን ከፊት እስከ ኋላ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ሆዱ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው። በአንድ ጊዜ በረዶውን የሚነካው ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው፤ ልጅ በአንድ እግሯ ስትዞርም የምትዞረው በዚያ ጉብጠት ላይ ነው። ለፊገር ስኬቲንግ ተብሎ የሚሠራው ፍሬም፣ ማለት ጎማዎቹን የሚይዘው ብረት፣ ይህንኑ እንዲመስል የመሃል ጎማው ከጫፎቹ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከፊቱ ደግሞ በምላጩ አፍንጫ ላይ ያሉትን ጥርሶች የሚተካ የላስቲክ ማቆሚያ አለው። ፍሬሙ ለብቻው ይገዛና ራሱ የፊገር ቡት ሥር በብሎን ይታሰራል። ፒክ የሚባለውንና የጣሊያኑ ሮል ላይን የሚሠራቸውን በምሳሌነት ጠቀሰች። የሆኪውን ጫማ ያደረገች ልጅ በአንድ እግሯ ልትዞር ስትል ወለሉ እግሯን እንደሚይዛት፣ ጥፋቱም የልጅቷ እንደሚመስላት ጨመረች። የሚኒሶታው አባት ወዲያው አመስግኖ ተቀበለ።

3ኛው መልስ የታራ ሊፒንስኪን ታሪክ ይዞ መጣ። በ1998 ናጋኖ ላይ፣ በ15 ዓመቷ የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደችው አሜሪካዊት በሦስት ዓመቷ የጀመረችው በጎማ ነው። ወደ በረዶ የገባችው በስድስት ዓመቷ ሲሆን፣ በ1991 ደግሞ በዕድሜዋ ክልል የአሜሪካ የሮለር ሻምፒዮን ሆናለች። ጸሐፊው ከዚህ በኋላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ የሚል መንፈስ ነበረው። 4ኛው ሰው ግን በሁለት መስመር አስተካከለው። የሊፒንስኪ ጎማ ባለ አራቱ ነው፤ ደግሞም እሷ ከጎማ ወደ በረዶ ነው የሄደችው፤ የኔ ጥያቄ በረዶ የለመደ እግር ለሰባት ሳምንት ጎማ ላይ ሲወጣ ምን ይሆናል የሚል ስለሆነ ታሪኩ ደስ ቢልም መልስ አይሆንም አለ። ልክ ነበር።

5ኛው መልስ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ኮሎራዶ የምትኖር እናት ናት፤ ልጇ ለውድድር የደረሰች ነች። ልዩነቱ የወለል ብቻ ነው ማለቴ በሁለቱም ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው ንግግር እንደሆነ ሳትሸፍን ነገረችኝ። ቃሏ ከበደኝ፤ ነገር ግን ያነሳቻቸው ነጥቦች በሙሉ እውነት ነበሩ። በረዶ ላይ ልጅ የምትቆመው ምላጩን ወደ ጎን አዙራ በረዶውን እየፋቀች ነው። ጎማ ወደ ጎን አይንሸራተትም፤ በፍጥነት እየሄደች እንደለመደችው እግሯን ብታዞር ጎማው ወለሉን ይይዝና አካሏ በእግሯ ላይ አልፎ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የምላጩ ጥርስ በረዶው ውስጥ ገብቶ ይወጣል፤ የላስቲኩ ማቆሚያ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነው የሚይዘው። ስለዚህ በጥርስ የሚነሱት ዝላዮች፣ ቶ ሉፕ፣ ፍሊፕና ሉትስ፣ የመነሻ ጊዜያቸው ይለወጣል። የሷ ልጅ አንድ ሰመር ሙሉ በጎማ ፍሊፕ ስትዘል ከርማ በረዶ ላይ ስትመለስ እግሯን ዘግይታ እየመታች ለወራት እንደተቸገረች ጻፈች።

6ኛው መልስ የመሐንዲስ ነው፤ ክሩን ያረጋጋው እሱ ይመስለኛል። የኮሎራዶዋ እናት ስለ ጥርሱና ስለ ማቆሙ ያለችውን ተቀበለ፤ ጎማ ሁሉንም ያበላሻል የሚለውን ግን አልተቀበለም። ምላጭና በረዶ እምብዛም አይፋተጉም፤ አንዴ የተገፋች ልጅ ብዙ ትሄዳለች። ጎማ ግን ክብደት ሲያርፍበት ትንሽ ይጨፈለቃል፤ እየተጨፈለቀ ሲንከባለል ጉልበት ይበላል። ስለዚህ ለተመሳሳይ ፍጥነት ልጅቷ ደጋግማ መግፋት ይኖርባታል፤ ትንፋሿና ጭኗ ይጠነክራል። ሽክርክሪቱ በአንጻሩ ይጎዳል፤ ጎማ ወለሉን ስለሚይዝ ዙሩ ቶሎ ይሞታል። ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ስለ ጠርዝ፣ ማለት እግር ወደ ጎን ሲጋደል ስለሚሄዱበት የምላጩ ዳር፣ ያለው ነው። በረዶ ላይ ልጅ ስሪ ተርን፣ ማለት በአንድ እግር ላይ ሆነው ፊትን ወደ ኋላ የሚያዞሩበትን፣ ስትዞር ክብደቷ ትክክለኛው ቦታ ላይ ባይሆን እንኳ ምላጩን ፋቅ አድርጋ ልታልፍ ትችላለች፤ አሰልጣኝ ካላየ ማንም አያይባትም። ጎማ ግን አይፋቅም። ክብደቷ በቦታው ከሌለ ዙሩ እምቢ ይላል፤ ወይ ትቆማለች ወይ ትወድቃለች።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው የጻፍኩትን አስተካክዬ፣ ልዩነቱ የወለል ብቻ ነው ያልኩትን አንስቼ፣ የኮሎራዶዋን እናት በስሟ ያመሰገንኩት።

7ኛው መልስ ከዱባይ ነው። አንዲት እህት ከምትሠራበት ቤት ያለችውን ልጅ ወደ ልምምድ የምታመላልሰው እሷ ናት። ዱባይ ሞል ውስጥ ያለው አዳራሽ የኦሎምፒክ ስፋት ያለው በረዶ አለው፤ ነገሩ እዚያ የተገላቢጦሽ ነው። በጁላይ ውጭ በእግር መቆም እንኳ ስለማይቻል ሰመሩን በረዶ ላይ ያሳልፉታል፤ ጎማ የሚወጣው ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ አየሩ ሲለዝብ ነው። እሷ የታዘበችው አንድ ነገር ማንም አላነሳውም ነበር፤ ልጅቷ ከጎማ ወደ በረዶ በተመለሰች ቁጥር የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ትፈራለች፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ዝላይ አይሠራም። እኔ ይህን ምክር ቃል በቃል ነው የተጠቀምኩበት።

8ኛው ደግሞ እስራኤል የሚኖር አጎት ነው። የእህቱ ልጅ የምትሰለጥነው በሰሜን ጫፍ መቱላ፣ ካናዳ ሴንተር ውስጥ ነበር። በኦክቶበር 2023 በጦርነቱ ምክንያት የከተማዋ ነዋሪዎች እንዲወጡ ሲደረግ በረዶውም አብሮ ቀረ። ለነሱ ሮለር የሰመር መደጎሚያ ሳይሆን ብቸኛው ልምምድ ሆነ። በተፈናቃዮች ሆቴል የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ የአሸዋ ብናኝ በመጥረጊያ እየተጠረገላት ትሰለጥን እንደነበር ጻፈ። ከዚህ መልስ በኋላ ለግማሽ ቀን ማንም ምንም አልጻፈም። ከዚያ 9ኛው ሰው የኮሮናውን 2020 አስታወሰ፤ በማርች ሞንትሪያል ሊደረግ የነበረው የዓለም ሻምፒዮና ተሰርዞ፣ አዳራሾች ተዘግተው፣ ትልልቆቹ ስኬተሮች ሳይቀሩ በየግቢያቸውና በየመንገዱ በጎማ ሲለማመዱ ዓለም ያየው ያኔ መሆኑን።

ከ10 እስከ 14 ያሉት ከመንገድ ወጡ። አንዱ የአዲስ አበባን ልጆች አነሳ፤ ሚኒባስ ጀርባ ላይ ተንጠልጥለው ቁልቁለቱን በሮለር የሚወርዱትን። ሌላው ያ ስፖርት ሳይሆን ሕይወት ማባከን ነው ብሎ ተቆጣ፤ ሦስተኛዋ ደግሞ በ2018 መጨረሻ መንገድ ለሰው ከተጀመረ ወዲህ መንገድ በሚዘጋባቸው እሑዶች ልጆቹ መኪና ሳይፈሩ መንሸራተት እንደቻሉ አስታወሰች። 13ኛው ሰው ለምን የኛ ያልሆነ የበረዶ ስፖርት ውስጥ ልጆቻችንን እንከታለን አለ፣ ገንዘብ ማባከን ነው ብሎ። ይህ እኔንም አሳዘነኝ፤ ግን መልስ ለመስጠት 14ኛው ቀደመኝ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር ኦሎምፒክ ላይ በስኪ ለኢትዮጵያ መሮጡን፣ የሱ ዓይነት ስኪ የሚሮጡ ሰዎችም ሰመሩን ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ እንደሚለማመዱ አስነበበ። ኤሪን ጃክሰንንም ጨመረ፤ ፍሎሪዳ ውስጥ በጎማ ያደገች፣ በ2022 ቤጂንግ ላይ በ500 ሜትር የፍጥነት ስኬቲንግ ወርቅ የወሰደች ጥቁር አሜሪካዊት። የፍጥነት ስኬቲንግ ከፊገር የተለየ መሆኑን ራሱ አምኖ ነው የጻፈው። ለልጄ የኤሪንን ሩጫ ቪዲዮ በዚያው ማታ አሳየኋት፤ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

15ኛው የራሴ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የጻፍኩት። ፍሬሙን ገዛሁ። ቡቷ አንድ ብቻ ስለሆነ ምላጩን አስነቅዬ፣ ፍሬሙን አንድ ሱቅ ወስጄ አስገጠምኩ። በረዶው የሚነሳበት ቀን ደርሶ ስለነበር ተቻኩያለሁ፤ ገጣሚውም ተቻኩሏል፤ ልጄን ቡቱን አስጠልቆ ሳያቆማት ነው ያሰረው። በመጀመሪያው ሳምንት ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውስጥ መውደቅ ጀመረ። በአራተኛው ቀን ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ይዛ አየኋት። የኮሎራዶዋ እናት እውነቷን ነው፤ ጎማ ልጄን ጎዳብኝ ብዬ ጻፍኩ፤ ፍሬሙን ልመልሰው መሆኑንም ተናገርኩ።

16ኛው መልስ ልጄን ያተረፈልኝ ነው። አትላንታ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው፤ መርካቶ ውስጥ ለብዙ ዓመት ጫማ ሰሪ ነበሩ፤ ስኬቲንግ አይተው አያውቁም። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን አስታውሰው፣ መጀመሪያ ጎማውን ሳይሆን አሠራሩን እንድመረምር አዘዙኝ። ቡቱን ታጥልቅና በእግሯ ትቁም፤ አንቺ ከኋላ ተቀመጪ፤ ክር ቁረጪና ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ነገር እሰሪ፤ ክሩን ከቡቱ ኋላ ስፌት መሃል ወደ ታች ልቀቂው፤ ክሩ የጎማውን መሃል ካልመታ ጥፋቱ የእግሯ አይደለም ነበር መልእክታቸው።

ማታ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተደፍቼ ሠራሁት። ጥቁር የስፌት ክር፣ ጫፉ ላይ አንድ የብሎን ጭንቅላት። የግራው ክር ልክ የጎማው መሃል ላይ ወረደ። የቀኙ ግን ከጎማው መሃል ወደ ውስጥ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ስቶ ቆመ። ማለት ፍሬሙ ወደ ውጭ ወጥቶ ነው የታሰረው፤ ክብደቷ ሁሉ ከጎማው በስተውስጥ ያርፋል፤ ቁርጭምጭሚቷም እሱን ተከትሎ ይወድቃል። ደግነቱ ሱቁ ያሰረው ወደ ጎን ረዘም ባሉት ቀዳዳዎች ብቻ ነበር፤ ቋሚዎቹን ገና አልበሳቸውም። ብሎኖቹን በካቻቢቴ አላልቼ፣ ፍሬሙን በአውራ ጣቴ ገፋ አድርጌ፣ ክሩ መሃል ላይ ሲወርድ አጠበቅሁት። ልጄን አንድ ሳምንት አሳረፍኳት፤ ሐኪም አይቷት ጅማቱ ደህና መሆኑን ነገረን። ስትመለስ ቁርጭምጭሚቷ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ቀን አትላንታ ላሉት አባት የጻፍኩላቸውን ምስጋና እሳቸው በአንዲት ቃል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ነው የመለሱት።

17ና 18 በጎማና በኩሽኔታ ላይ የተደረጉ የሁለት መካኒኮች ክርክር ናቸው። የመጀመሪያው ውጭ አስፋልት ላይ ለስላሳ ጎማ፣ በጥንካሬ መለኪያው 78ኤ አካባቢ፣ አዳራሽ ውስጥ የእንጨት ወለል ላይ ደግሞ 90ኤ እና ከዚያ በላይ የሆነ ጠንካራ ጎማ እንድገዛ መከረ፤ ለስላሳው የመንገዱን ሸካራነት ይውጣል፣ ጠንካራው በልሙጥ ወለል ላይ ጉልበት አይበላም። ኩሽኔታውን ውሃ እንዳይነካውም አስጠነቀቀ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር የተጣላው በሚረጨው ዘይት ላይ ነው፤ ያ ያለውን ግራሶ አጥቦ ያወጣል እንጂ ቅባት ሆኖ አይቆይም፤ ካጠቡበት በኋላ ሌላ ዘይት ማድረግ ግድ ነው ባይ ነው። ብዙ ከተባባሉ በኋላ የተስማሙት ሁለት ነገር ላይ ነው፤ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ጎማውን በጣት አሽከርክሮ ማዳመጥ፣ ሲያንኳኳ የሰሙትንም መለወጥ። ልጄ አሁን ቡቷን ስታወልቅ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እያዞረች ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች።

19ኛው መልስ ከጣሊያን፣ ከቦሎኛ ነው፤ ሁላችንንም የገሠጸን እሱ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ጣሊያን የገባች፣ በባለ አራት ጎማ አርቲስቲክ ሮለር የተወዳደረች እህት ናት። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብባ መናደዷን አልደበቀችም። ሮለርን የበረዶ ሎሌ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት ነበር ነገሯ። ራሱን የቻለ ስፖርት ነው፤ የዓለም ሻምፒዮናው ከ1947 ጀምሮ አለ፤ የመጀመሪያው የተደረገውም ዋሽንግተን ዲሲ ነው። እኔ ከዚያች ከተማ በግማሽ ሰዓት ርቀት እየኖርኩ አላውቅም ነበር። ከዚያ ስለ ባለ አራት ጎማው አሠራር ጻፈች፤ ይህ ከክሩ ሁሉ ያስደሰተኝ ክፍል ነው። ጄምስ ፕሊምተን የሚባል ሰው በ1863 ኒው ዮርክ ውስጥ ያስመዘገበው ፈጠራ ነው። ከእግር ሰሌዳው ሥር፣ በጎማዎቹ መካከል፣ ላስቲክ ተቀምጧል፤ ሰው ወደ ጎን ሲያጋድል ላስቲኩ ይጨመቃል፣ የፊቱና የኋላው ጎማዎች ወደዚያው ጎን ይታጠፋሉ፣ ጫማውም ክብ እየሠራ ይሄዳል። ጠርዝ ማለት ለነሱ ይህ ነው፤ ላስቲኩን ማጥበቅና ማላላት ደግሞ የስኬተሩ ፋንታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያሉ የሮለር ሰዎች ቶ ሉፕን ሜፕስ እንደሚሉት፣ ባለ አራት ጎማ ላይ ብቻ የሚሠሩ ሽክርክሪቶችም እንዳሉ ነገረችን፤ ተረከዝ ላይ ባሉት ጎማዎች ብቻ የሚዞሩበት አለ፤ እግር ወደ ጎን እስኪጋደም አዘንብለው በጎማዎቹ ጠርዝ የሚዞሩበትም አለ።

20ኛው የኮሎራዶዋ እናት ናት፤ ቆጣ ብላ ተመለሰች። ማንም ሮለርን አልሰደበም፤ ጥያቄው የበረዶ ልጅ ጥያቄ ስለሆነ መልሱም ስለ በረዶ ነው አለች። የቦሎኛዋ 21ኛው ላይ መለሰችላት፣ 22ኛው ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ገብቶ ሁለቱንም እህቶቼ እያለ አበረደ። በመካከሉ ግን አንድ ጥሩ ነገር ወጣ። ለሰባት ሳምንት ብቻ ለሚለማመድ የበረዶ ልጅ ባለ መስመሩ እንደሚሻል ሁለቱም ተስማሙ፤ ምክንያቱም ቁርጭምጭሚት በቀጭን መስመር ላይ ሚዛን መጠበቁን አይረሳም። ባለ አራቱ ሰፋ ብሎ ስለሚቆም ሚዛኑ የተለየ ነው፤ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሲለምዱት ግን ማጋደልን በደንብ ያስተምራል። ሁለተኛው ጥያቄዬ የተመለሰው በዚህ ጠብ መሃል ነው።

23ኛዋ እናት ስለ አጥንት ጻፈች። ልጇ ኮንክሪት ላይ በየቀኑ ስትዘል ከጉልበቷ በታች የፊተኛው አጥንቷ ታሞ ሁለት ወር ተኝታለች። ኮንክሪትና አስፋልት ላይ ዝላይ አይሁን፤ ዝላይ ካለ የእንጨት ወለል ላይ፣ ያውም ተቆጥሮ ይሁን። የራስ ቁር፣ የእጅ አንጓና የጉልበት መከላከያ ይደረግ፤ በረዶ ላይ የወደቀ ልጅ ተንሸራትቶ ይሄዳል፣ አስፋልት ላይ የወደቀ ግን ቆዳውን ጥሎ ነው የሚነሳው። ይህ መልስ በክሩ ውስጥ ብዙ ሰው ያመሰገነው ነው፤ ይገባዋልም።

24ኛው ላይ አሰልጣኟን አማክሬ ያወጣሁትን ፕሮግራም ለጠፍኩ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አርባ አርባ ደቂቃ። ሁለቱ ቀን ውጭ፣ የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ፤ አንዱ ቀን እንጨት ወለል ያለው የሮለር አዳራሽ፣ ሰው ሳይበዛ ጠዋት። ውጭ ላይ መግፋት፣ ረጃጅም ጠርዞች፣ ስሪ ተርንና እግር ቀይረው የሚዞሩበት ሞሃክ። አዳራሽ ውስጥ በእነዚሁ ላይ በጥርስ ሳይሆን በጠርዝ የሚነሱት ዝላዮች፣ ዋልትዝ ጃምፕና ሳልኮው፣ ከአሥራ አምስት ሳይበልጡ። በጥርስ የሚነሱ ዝላዮች የሉም። አክስልም የለም፤ የአክስሉን ዙር ቤት ውስጥ በስፖርት ጫማ፣ ምንጣፍ ላይ ትሠራለች። ከልምምድ በፊት ሜዳውን በመጥረጊያ የምጠርገው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ትቼው፣ የምስር ፍሬ የምታክል ጠጠር የፊቱን ጎማ ቀጥ አድርጋ አቁማባት በሆዷ ተዘርግታለች። የእስራኤሉ አጎት መጥረጊያ ለምን እንዳነሳ ያኔ ነው የገባኝ።

25ኛው ሰው ስሪ ተርኑን ለምን በሁለቱም አቅጣጫ አታሠሪያትም አለ፤ 26ኛው ላይ ደግሞ ሞክረነው የሆነውን ጻፍኩ። በሁለቱም አቅጣጫ ስናደርገው ልጄ ለአራት ዓመት በግራ በኩል ያለውን ዙር በመፋቅ ታልፈው እንደነበር ወጣ። አሰልጣኟ አታውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር። ጎማው ላይ በግራ በኩል አሥር ጊዜ ሞክራ አሥር ጊዜ ቆመች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ብቻ ሠራች፤ ክንዷን ቀድማ እየወረወረች መሆኗን ራሷ ደረሰችበት፤ ክንዷን ይዛ፣ ጉልበቷን አጥፋ ስትጠብቅ ዙሩ ሳይንገጫገጭ መጣላት። ሜዳው ላይ ጮኸች። መሐንዲሱ የጻፈውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት።

27ኛው የመመለሻው ቀን ነው። ኦገስት ላይ በረዶው ገባ። ምላጩን መልሼ ሳስገጥም ክሩን ይዤ ነው የሄድኩት፤ ገጣሚው ፊት ልጄን አቁሜ ለካሁ። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት፣ እንደ ዱባይዋ እህት ምክር፣ ዝላይ አልነበረም። ስትገፋ ከጠበቀችው በላይ ስለሄደች ፈራች፤ ልትቆም ስትል ምላጩን ወደ ጎን ማዞሩን ረስታ ጎማ ላይ እንደለመደችው የኋላ እግሯን ጎተተች፤ አጥሩ ላይ ነው የቆመችው። በሦስተኛው ቀን ይህ ሁሉ ለቀቃት። አክስሉ አልመጣም። አሁንም ሩብ ዙር ይጎድለዋል። ነገር ግን ስታርፍ በውጭ ጠርዟ ላይ ወደ ኋላ ይዛው የምትሄደው ርቀት ከሰመሩ በፊት ከነበረው ረዝሟል፤ የግራው ስሪ ተርን ደግሞ በረዶ ላይ ድምፅ የለውም። የመፋቁ ድምፅ ጠፍቷል።

28ኛው ላይ የኮሎራዶዋ እናት ስለ ሽክርክሪቷ ጠየቀችኝ። ደክሟል፤ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። እንደጠበቀችው መሆኑን ነግራኝ፣ ልጇ የምትሠራቸውን የመሬት ላይ ሽክርክሪት ልምምዶች በዝርዝር ላከችልኝ። በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉ በላይ የጠቀመችኝ እሷ ናት፤ በመጀመሪያ ያዘንኩባትም እሷ ነበረች። 29ና 30 የሚኒሶታው አባትና የቦሎኛዋ እህት ናቸው፤ እሷ ልጄ ባለ አራቱን አንድ ቀን ትሞክረው አለች፤ እንሞክረዋለን።

31ኛው አዲስ ሰው ነው። ቨርጂኒያ የምትኖር እናት፣ ስምንት ዓመት የሆናት ልጇ በረዶ ላይ ሁለት ዓመት አላት፤ የነሱም አዳራሽ በሚቀጥለው ሰመር ይዘጋል። ፍሬም ከየት እንደምትገዛ ጠየቀችኝ። የልጄ እግር አድጎ ፍሬሙ አጥሮባታል፤ ለልጇ ልክ ከሆነ በነፃ እንድትወስደው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት እንደምኖር ጻፍኩላት። ልጇን ከነቡቷ ይዛ ትምጣ፤ ክሩና ካቻቢቴው ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ ወለሉ ላይ አቁመን አብረን እናስረዋለን።